እትዬ አስናቀችና የተቃጠለው ብሌድ

የእትዬ አስናቀችን ሞት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲነዝር ይሰማኛል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። የአውሮፕላን ሞተር ሆድ ውስጥ ቀጭን ካሜራ አስገብቼ የተርባይኑን ብሌዶች፣ የጋለው ጋዝ የሚያዞራቸውን የብረት ምላሶች፣ አንድ በአንድ እያየሁ ነበር። ይህ ሥራ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨርሼ፣ እጄን ጠርጌ ስደውል ወንድማቸው ጋሽ ባሳ አነሱት። እህታቸው ሌሊቱን ማረፋቸውን፣ ቀብሩ ከሰዓት መሆኑን ነገሩኝ። በዚያች ሰዓት በሕጋቸው ተናደድኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ዳገት ጭቃ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የጉለሌ ሰው ተሰብስቦ ስለ ደግነታቸው ያወራል፤ ማንን እንዳስተማሩ፣ ማንን እንዳስታመሙ። ስለ ሞተር የሚያነሳ አልነበረም፤ ከየት ያውቃል? እኔ ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጬ የማስበው ከመሀል ጣቴ ብዙ ስለማይበልጥ አንድ ብረት ነው። ሰው ሞቶ ስለ ብረት ማሰብ ያሳፍራል። ግን እሱን ሳላነሳ እትዬ አስናቀችን ማንሳት አልችልም።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፀጉራቸውን ሁልጊዜ በሻሽ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። የምንሠራው ጭነት በሚያመላልስ አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ነው፤ አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ሃንጋሩም ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ትልቅ መጋዘን ነገር። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው። እሳቸው ከሥራ በፊት ይታጠቡ ነበር፤ ያውም በሳሙና፣ እስከ ክርናቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ከቤታቸው በጠርሙስ ያመጡትን ዳታ በርበሬ ሳይለምኑት በየሰው ሳህን ላይ ጠብ ያደርጋሉ። እምቢ ያለ ሰው ያን ቀን ይታዘንለታል። እኔ ዳታ የማልወድ ሰው ነበርኩ፤ ይኸው ዛሬ ያለ እሱ አልበላም።

አባታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ ሸማኔ ነበሩ። ልጅ ሳሉ የሳቸው ድርሻ የተሸመነውን ነጠላ ብርሃን ላይ ዘርግቶ የተዘለለ ክር መፈለግ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ባሳ የአባታቸውን ሙያ ሲይዙ፣ እሳቸው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡና የሞተር ሰው ሆነው ቀሩ። "ያው ነው" ይሉ ነበር፤ "ድሮም ጉድለት ፈላጊ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ።"

እኔም የጉለሌ ልጅ ስለሆንኩ በአንድ ሰርቪስ ነበር የምንመላለሰው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ እዚያው ሰርቪስ ውስጥ፣ ተርባይን ውስጥ የሚገባው ጋዝ ብሌዱ የተሠራበትን ብረት ማቅለጥ የሚችል መሆኑን ነገሩኝ። ታዲያ ለምን አይቀልጥም አልኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉና የእጄ ጀርባ ላይ አለበሱት። ብሌዱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ከፊተኛው የሞተር ክፍል የተቀነሰ አየር በሆዱ ገብቶ ቆዳው ላይ ባሉ መርፌ በማያክሉ ቀዳዳዎች ይወጣና በላዩ ላይ ይተኛል። እሳቱ የሚያገኘው ብረቱን ሳይሆን ያንን ስስ አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር ተባለ እንጂ እሱም ራሱ ዳቦ ይጋግራል። ብቻ ከእሳቱ ይሻላል። እኔ እጄ ላይ ያለውን ነጠላ አይቼ ሳቅሁ።

"ሳቅ፣ ሳቅ" አሉኝ። "የተገፈፈ ቀን አትስቅም።"

አየሩ ደግሞ በኃይል መውጣት የለበትም። በኃይል ከወጣ ዘሎ ይሄዳል፣ ገላው ላይ አያርፍም፣ ብረቱም ራቁቱን ይቀራል። ለስለስ ብሎ ሲወጣ ነው የሚያለብሰው። ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አሁን ሳስበው ቁጣቸውም እንደዚያው ነው። አለቃችን አቶ ደምሴ ሲቆጡ ሃንጋሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን የሚያስታውሰው የለም። እትዬ አስናቀች በሹክሹክታ የተቆጡት ሰው ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

ያኔ ስክሪን ያለው ካሜራ አልደረሰንም ነበር። የነበረን መሣሪያ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ በሌላው ጫፍ አንድ ሰው በአንድ ዓይኑ ያያል። ስለዚህ ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ከሞተሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ማዞሪያውን በእጁ ያዞራል። የሚያዩት እሳቸው፣ የማዞረው እኔ። "ና" ይላሉ፤ አዞራለሁ። "ቁም" ይላሉ፤ እቆማለሁ፣ በሆዴም እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን "ና" ሲሉ ማዞሪያውን ትቼ እሄድላቸው ነበር። ለካ የሚጠሩት ብሌዱን ኖሯል። እያንዳንዱን እንደ ሰው ይጠሩታል፤ ይመጣል፣ ያዩታል፣ ያሰናብቱታል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ በስማቸው የተቀረጸችውን ማህተም ያሳርፋሉ። ያቺ ማህተም ከሌለች አውሮፕላን አይነሳም።

ብሌዶቹ መንትያ ናቸው፤ ይሄ የመጀመሪያው፣ ይሄ የመጨረሻው የሚል ምልክት የላቸውም። ለዚህ ነው አይቋረጥም የሚባለው። ስልክ ጮኾ፣ ሰው ጠርቶ፣ ማስነጠስ እንኳ ቢሆን፣ እሳቸው ከተጠራጠሩ "ከመጀመሪያው" ይላሉ። ብዙ ጊዜ እጄ እየዛለ ረግሜያቸዋለሁ፤ በሆዴ ነው እንግዲህ።

ነገሩ የተበላሸበት ቀን ሐምሌ ነበር፣ ከሰዓት። አንድ አውሮፕላን መድኃኒት ጭኖ ወደ ጁባ ሊሄድ ነው። ግማሽ ያህሉን አይተናል። "ና" አሉኝ፣ ማዞር ጀመርኩ፣ በዚያች ቅጽበት በረዶው ወረደ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የራስህን ሐሳብ እንኳ አትሰማም። "ቁም" ብለው ይሆናል፣ አልሰማሁም። እጃቸው ከሞተሩ በላይ ብቅ ሲል አየሁና ቆምኩ። እስኪያልፍ ጠበቅን። ጋብ ሲል ስንት አለፈ በሚል ዓይነት ጣታቸውን አነሱ፤ እኔም አንድ ብቻ ብዬ ጣቴን አሳየኋቸው። ፓይለቱ ካፖርቱን ለብሶ ለነገ በረራው ወረቀቱን ሊቀበል ሃንጋሩ በር ላይ ቆሟል፤ አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን ያያሉ። እትዬ አስናቀች ወደ በሩ አዩ፣ ወደኔ አዩ። "ከመጀመሪያው" ይላሉ ብዬ ትከሻዬን ሳዘጋጅ ዓይናቸውን ወደ ቱቦው መለሱ።

"ና" አሉ።

ጨረስን። ቁጥሩ ሞላ። ማህተሟ አረፈች፣ አውሮፕላኑም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳ።

ያን ጠዋት እትዬ አስናቀች ከሁሉ ቀድመው ገብተው አቶ ደምሴ ቢሮ ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸው ታጥቦ ገና ውኃው ይንጠባጠባል። ገብተው ያሉት አጭር ነው፤ ከበረዶው በኋላ ያየሁት ተከታዩን ይሁን ከሱ ወዲያ ያለውን እርግጠኛ አይደለሁም፣ አውሮፕላኑ ሲመለስ ሞተሩ እንደገና ይታይልኝ አሉ። አቶ ደምሴ ሃንጋሩን አንቀጠቀጡት። ማህተም አርፎ፣ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሆኖ እንዴት እንዲህ ይባላል? ስህተቱ ባይገኝም መናገራቸው ብቻ ከሥራ ሊያስወጣቸው እንደሚችል እትዬ አስናቀች ያውቃሉ። ቆመው ሰሙትና "ሰዎች አሉበት እኮ" አሉ፣ በሹክሹክታ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። እሳቸው ጥላ አልያዙም። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከተጠበቀ በኋላ የሚያየው ሌላ ኢንስፔክተር ተደረገ። ብዙም አልቆየ። መሣሪያውን ለአቶ ደምሴ ሰጣቸውና እሱ ወደ ጎን ዞረ። አንዱ ብሌድ ተቃጥሏል። አሸዋና አቧራ ቀዳዳዎቹን በመደዳ ደፍኗቸው፣ አየሩ መውጣት አቅቶት፣ ጫፉ እንደተነከሰ ዳቦ ጎርዷል። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ይበር ነበር? የሚያውቅ የለም። ሦስቱ የበረራ ሰዎች እትዬ አስናቀችን እየተፈራረቁ አቀፏቸው። እሳቸው እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሁላችንም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎን ነበር። ሰው አዳኑ አይደል?

በሳምንቱ አቶ ደምሴ ሁለታችንንም ጠሩን። ደግ ለመሆን ወስነው እንደመጡ ያስታውቃሉ። ወደኔ ዞረው፣ ቁጥሩ ቢሞላም እጄ አንዴ አልፎ ሊሆን እንደሚችል፣ ያኔ አንዱ ተዘልሎ በመጀመሪያ ያየነው በመጨረሻ ሁለቴ እንደሚታይ አስረዱኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እትዬ አስናቀች ሥራቸውን በትክክል አልሠሩም ሊባሉ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ወጣት ነበርኩ፣ እወዳቸዋለሁ፣ በእጄም እኮራለሁ።

"አልዘለልንም" አልኩ። "እያንዳንዱ ጋ ቆመናል። እጄን አውቀዋለሁ።"

አቶ ደምሴ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወደኔ ሳይሆን ወደ እትዬ አስናቀች አዩ። እኔ እንዳዳንኳቸው እያሰብኩ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እትዬ አስናቀች ከኋላዬ ደረሱብኝና ክንዴን ያዙኝ።

"ልክ ነህ፣ ቆጥረሃል" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። "ታዲያ ዓይኔ ምን ሆኖ ነው?"

ያኔ ነው የገባኝ። ከዘለልን፣ የተቃጠለው ብሌድ እሳቸው ያልደረሱበት ነው፤ ማንም ላይ የሚደርስ ነገር። ካልዘለልን ግን መጥቶላቸዋል፣ መብራቱ ፊቱ ላይ በርቷል፣ አይተውታል፣ ደህና ነህ ሂድ ብለውታል። ምስክርነቴ ቁጥራቸውን አድኖ ዓይናቸውን ኰነነው። ተመልሼ ልገባ ስል ክንዴን አጥብቀው ያዙ። ያልተጠራጠርከውን ተጠራጠርኩ እንዳትል አሉኝ። እውነትም አልተጠራጠርኩም ነበር።

ሰው ሊያጽናናቸው ሞከረ። አንዱ ተነስቶ፣ ምናልባት የተደፈነው ከኛ ምርመራ በኋላ በጁባው መንገድ ይሆናል አለ። አመሰገኑትና በአንድ ምልልስ እንዲህ እንደማይቃጠል፣ ጠርዙ የጎረደው ቀስ በቀስ መሆኑን አስረዱት። ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ የሚከራከራቸውም ጠፋ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ላኳቸው። ዓይንዎ የወጣት ነው አላቸው ሐኪሙ፤ ወረቀቱን ይዘው ሲመለሱ የተፈረደበት ሰው ይመስሉ ነበር። ዓይናቸው ቢታመም እኮ ምክንያት ይገኝ ነበር። ጤነኛ ዓይን ካላየ፣ ያላየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ራሱ ነው። አቶ ደምሴ ሥራዎን ይቀጥሉ አሏቸው። እሳቸው ግን ማህተሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ልዛወር አሉ። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ቆዩ።

የእሳቸውን ቦታ ለኔ ሰጡኝ። ሊመርቁኝ መጥተው ከሥራ በፊት ታጠብ ብቻ አሉኝ።

ከጡረታ በኋላ ሽሮ ሜዳ ጋሽ ባሳ ሱቅ ውስጥ ይውሉ ነበር። ገበያው የሚያውቃቸው ጋቢ ብርሃን ላይ ዘርግተው በጣታቸው ጥለት ለጥለት ሲሄዱ ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ያስባሉ፣ ከዚያ ጋቢውን ገልብጠው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ገዢው ይሰለቻል፤ ጋሽ ባሳ ይቅለሰለሳሉ። ከኋላቸው ሆኜ ስሰማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ና። ቁም። ና። እንዳልሰማ ሰው፣ ሳልጠራቸው ተመልሼ የወጣሁበት ቀን አለ።

የተቃጠለውን ብሌድ ለምነው ወስደውት ነበር፤ ለድርጅቱ ምኑም አይደለም። ቤታቸው ስሄድ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ አየዋለሁ። አንድ እሑድ ሻይ ሊያመጡልኝ ሲነሱ ገለጥ አድርጌ ላየው ብዬ እጄን ሰደድኩ። ከበሩ ላይ ሆነው አታንሳው አሉኝ። ከዚያ አፍረው መሰለኝ መጥተው ራሳቸው ገለጡት። የተደፈኑት ቀዳዳዎች እንደ ጠባሳ ይታያሉ፤ ልጅ የሚያየው ነገር ነው። አውራ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ እያመላለሱ በየቀኑ እንደሚጠይቁት ነገሩኝ። ምን ብለው እንደሆነ ጠየቅኩ።

"መጥተህልኛል ወይ? እለዋለሁ" አሉ።

በዚህ ሁሉ ዓመት እኔን አንዴም አልጠየቁኝም፤ ወቅሰውኝም አያውቁም። ብሌዱን ይጠይቃሉ፣ እኔን ግን አይጠይቁም። እውነቱን ለመናገር ይህ ያመኝ ነበር። ወደ ቤታቸው የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ዛሬ ይጠይቁኛል ብዬ እሰጋለሁ፤ ስወርድ ደግሞ አልጠየቁኝም ብዬ እከፋለሁ።

የጠየቁኝ በመጨረሻ ነው። ታመው ከተኙ ሰንብተዋል፤ ጋሽ ባሳ ደውለው ብቅ በል አሉኝና ሄድኩ። ከስተው ትከሻቸው ብቻ ቀርቷል። ስለ ሥራ ጠየቁኝ፣ አዲሱ ካሜራ ሁሉንም እንደሚቀርጽ ነገርኳቸው። አንድ ሰው ሳያየው ቢያልፍ እንኳ ሌላው ተመልሶ ያያል አልኩ። ይህን መስማት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

"ብሩክ።"

"አቤት እትዬ።"

"በረዶው የወረደ ቀን። ዘለልን ወይስ አልዘለልንም?"

የሚፈልጉትን አውቀዋለሁ። ጋሽ ባሳም ያውቃሉ፤ በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ይለምኑኛል። ዘለናል ማለት አንድ ቃል ናት። ዓይናቸው ነፃ ይወጣል፣ ሰላም ያገኛሉ፣ የሚጎዳ ሰውም የለም። ቃሏ አፌ ላይ መጥታ ነበር። ግን እኚህ ሴት ናቸው ማንም ሳያስገድዳቸው፣ እርግጠኛ ስላልነበሩ ብቻ ራሳቸውን አሳልፈው የሰጡት። እሳቸውን በሞት አልጋቸው ላይ መዋሸት አቃተኝ። እርግጠኛ ነበርኩ።

"አልዘለልንም እትዬ።"

እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው እጄን ፈለጉና ያዙት።

"እንግዲያው አይቼዋለሁ" አሉ። "አይቼው ነው ያሳለፍኩት።"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሽ ባሳ ጋቢውን አለበሷቸው። እኔን ግን እንደወትሮው እስከ አጥር በር አልሸኙኝም፤ አልፈርድባቸውም።

ካረፉ ወዲህ ያ ከሰዓት በየቀኑ ይመጣብኛል። ሰርቪስ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ሰው እያነጋገረኝ። ማዞሪያው ጥርስ ነበረው፤ አንድ ብሌድ ባለፈ ቁጥር መዳፍ ውስጥ ቀጭ ይላል፣ ድምፁ ባይሰማ እንኳ እጅ ያውቀዋል። በረዶው ወረደ፣ እጄ ማዞሪያው ላይ ነው፣ ቀጭ አለ፣ እጃቸው ብቅ አለ፣ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ በዚህ ነው የመሰከርኩት። አሁን ግን አንዳንድ ቀን፣ እጃቸው ብቅ ከማለቱ በፊት፣ መዳፌ ውስጥ ሁለተኛ ቀጭ ይሰማኛል። ኀዘኑ የጨመረው ይሁን፣ ወይስ ድሮም ኖሮ ኩራቴ ሸፍኖት የቆየ፣ መለየት አልቻልኩም። እጄን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አላውቀውም።

ዛሬ ብጠየቅ፣ ዘለናል ለማለት መዋሸት አያስፈልገኝም ይሆናል። የሚጠይቀኝ ግን የለም።